በ14,000 ዶላር ፓይለትነት ይጀመራል ወይ?

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። 27 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች። ግሪን ካርድ አላት። 14,000 ዶላር አጠራቅማለች። አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ሄዳ ስትጠይቅ፣ ከ100,000 ዶላር በላይ ተበደሪና በአንድ ዓመት ትጨርሻለሽ አሏት። ብድሩን ልውሰድ? ወይስ ገንዘብ ባገኘሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ልብረር? ወይስ አገር ቤት ገብቼ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ልሞክር?

እኔም እዚሁ ዲሲ አካባቢ ማታ እየሠራሁ፣ ያለ ትልቅ ብድር ተምሬ ነው ዛሬ አንድ ሪጅናል (አጭር ርቀት የሚበር) አየር መንገድ ውስጥ የማበርረው። በመሃል የበረራ አስተማሪም ነበርኩ። የተማሪ ገንዘብ የት እንደሚፈስ በቅርብ አይቻለሁ።

ብድሩን አሁን አትውሰጂ። ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት መብረርንም ተይው። ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። አዋጭው መንገድ ትምህርቱን በደረጃ ከፍሎ፣ ለአንዱ ደረጃ የሚበቃውን ገንዘብ አስቀድሞ ማጠራቀምና ከጀመሩ በኋላ ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። ፕራይቬት (ለራስ የመብረር ላይሰንስ)፣ ከዚያ ኢንስትሩመንት (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ)፣ ከዚያ ኮሜርሻል (ተከፍሎ የመብረር ላይሰንስ)፣ ከዚያ የአስተማሪነት ላይሰንስ። በየደረጃው መካከል ብታርፊ ችግር የለውም። ደረጃው ውስጥ ገብተሽ ስታርፊ ነው የምትከስሪው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። እኛ አካባቢ ሴስና 172 የተባለው ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን ነዳጁን ጨምሮ በሰዓት 180 ዶላር፣ አስተማሪው 70 ዶላር ነው እንበል። ለፕራይቬት ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚጨርሰው ግን ከ60 እስከ 75 ሰዓት ውስጥ ነው። 65 ሰዓት ብትበሪና 45ቱ ከአስተማሪ ጋር ቢሆን 14,850 ዶላር ይመጣል። እያቋረጥሽ 95 ሰዓት ቢፈጅብሽና 70ው ከአስተማሪ ጋር ቢሆን 22,000 ዶላር ነው። ያው ላይሰንስ፣ ከ7,000 ዶላር በላይ ልዩነት። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የሚመጣ ተማሪ የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያጠፋው የረሳውን ማረፍ በመከለስ ነው። ያንን ሰዓት ደግሞ ሙሉ ዋጋ ነው የሚከፍልበት።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ያዢ። አንዱን አየሩ ይሰርዝብሻል፣ ሁለቱ ይቀራሉ። በጋ (ሰመር) ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛ ጠዋት ብትይዢ ይሻላል። የማታ ሠራተኛ መሆንሽ እዚህ ጋ ይጠቅምሻል። ግን በቀጥታ ከሥራ ወጥተሽ አትብረሪ። የደከመ ጭንቅላት አይማርም፤ ለሕይወትሽም አደጋ ነው። ከማትሠሪባቸው ሌሊቶች ቀጥሎ ያሉትን ጠዋቶች ምረጪ።

ገንዘቡን ስለማጠራቀም፣ እኔን የረዳኝ እቁብ ነው። ባንክ ያስቀመጥኩትን አንድ ችግር በመጣ ቁጥር እነካው ነበር፤ እቁብ ግን አይነካም። ዕጣዬ ሲወጣ አንድ ደረጃ የምጀምርበት ጊዜ ይሆናል። ከሰብሳቢው ጋር ተነጋግረሽ ተራሽ ከጸደይ (ስፕሪንግ) መግቢያ ጋር እንዲገጥም ብታደርጊ ደግሞ የተሻለ የበረራ አየር ታገኚያለሽ። አሁን ያለሽ 14,000 ለፕራይቬት ጥቂት ነው የሚጎድለው። የጽሑፍ ፈተናውን፣ ሄድሴቱንና በመጨረሻ በበረራ የሚፈትንሽን ፈታኝ ጨምረሽ ወደ 17,000 አድርሺውና ጀምሪ። ፈታኞች የየራሳቸውን ዋጋ ነው የሚያስከፍሉት። ወረፋውም ረጅም ሊሆን ስለሚችል ትምህርት ቤቱ ቀኑን አስቀድሞ እንዲይዝልሽ ጎትጉቺ። ዝግጁ ሆነሽ ፈታኝ ስትጠብቂ፣ እንዳትረሺ ብለሽ የምትበሪው ሁሉ ከኪስሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሜዲካል፣ ማለትም የጤና ብቃት ማረጋገጫ። አንድ ዶላር ለበረራ ሳታወጪ የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍኤኤ የሚያውቀው ሐኪም ዘንድ ሄደሽ አንደኛ ደረጃውን ሜዲካል አውጪ። ለፕራይቬት ሦስተኛው፣ ለኮሜርሻል ሁለተኛው ይበቃል። መድረሻሽ አየር መንገድ ከሆነ ግን አንደኛውን ማለፍ አለማለፍሽን ዛሬውኑ ማወቅ አለብሽ። መነጽር ችግር የለውም። የቀለም እይታ ይፈተናል። የድብርት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ስኳር ካለብሽ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ካለ፣ የኦንላይን ቅጹን ከማስገባትሽ በፊት ሐኪሙን ምክር ብቻ ጠይቂው። አንዴ ቅጹ ገብቶ ከተከለከልሽ መመለሱ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ብዙው ሕመም በር አይዘጋም፤ ወረቀት ነው የሚያበዛው። መደበቅ ግን አይታሰብ። እሱ ወንጀል ነው።

ዜጋ ስላልሆንሽ ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖርሽም ትምህርቱን ከመጀመርሽ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱን የቲኤስኤን ማጣሪያ ማለፍ አለብሽ። ከትምህርት ቤቱ ጋር ሆነሽ ነው የምታመለክቺው። ጊዜ ስለሚወስድ ገንዘብ እያጠራቀምሽ ጨርሺው።

ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ቤት ውስጥ ነው ያለው። የኤፍኤኤ ዋና ዋና መጻሕፍት ድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ሌሊት ሥራ ላይ ሰው ተኝቶ አንቺ ነቅተሽ በምትቀመጪበት ሰዓት አንብቢያቸው። የጽሑፍ ፈተናውን መብረር ሳትጀምሪ ወይም ገና ስትጀምሪ እለፊው። ውጤቱ 24 ወር ያገለግላል። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ፣ እጅሽን እያንቀሳቀስሽ ቼክሊስቱን ከመነሳት እስከ ማረፍ መለማመድ ሞኝነት ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ሳስተምር ግን ይህን የሚያደርገው ተማሪ ከሩቅ ይታወቀኝ ነበር።

ከታወር ጋር የሚደረገው የሬዲዮ ንግግር ብዙ ሐበሻ ያስፈራል። የአነጋገር ዘዬሽ ችግር አይደለም። ችግሩ ቃላቱ የተወሰኑ መሆናቸውን አለማወቅ ነው። የምትበሪበትን ኤርፖርት ታወር በኢንተርኔት በቀጥታ አዳምጪ። አውቶቡስ ውስጥም ሆነሽ አውሮፕላኑን ተክተሽ መልሺለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምን ሊል እንደሆነ ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ያኔ አየር ላይ ሆነሽ ለማዳመጥ የምታባክኚው ሰዓት ይቀንሳል።

ስለ ኤርፖርት ምርጫ አንድ ነገር። አውሮፕላኑ የሚያስከፍለው ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ ነው። መሬት ላይ ወረፋ ስትጠብቂም ሂሳቡ ይቆጥራል። ማናሳስ ለአንቺ ቅርብ ነው፤ ግን በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው 30 ኖቲካል ማይል የልዩ ቁጥጥር ክልል ውስጥ ስለሆነ ከኤርፖርቱ ዙሪያ ለሚወጣ በረራ ሁሉ ፕላን ማስገባትና የመለያ ኮድ መቀበል አለ። ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ ከክልሉ ወጣ ያለ ነው። መንገዱ ይርቅብሻል። ሁለቱንም ጎብኚና የሰዓቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን አንድ ትምህርት ስንት ሰዓት እንደሚያስቆጥር ጠይቂ። ስንት አውሮፕላን እንዳላቸው፣ አንዱ ጥገና ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ አስተማሪው ከስድስት ወር በኋላም እዚያ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። መሃል ላይ አስተማሪ መቀየር ዋጋ ያስከፍላል።

ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ አልለሳለስም። ቅናሽ እንሰጥሻለን ቢሉሽም ሙሉውን አትክፈዪ። ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የሚባለው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ ቀን ተዘግቶ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አብዛኞቹ ወደ 70,000 ዶላር ተበድረው ነበር። ሰዓቱ የለም፣ ዕዳው ግን አለ። በበረርሽው ልክ የሚያስከፍል ቦታ ፈልጊ። አካውንት ክፈቺ ካሉሽም ከጥቂት ትምህርት በላይ አታስቀምጪ።

ፕራይቬቱን ካገኘሽ በኋላ ሰዓት ማጠራቀም ይመጣል። ዝም ብለሽ በሰፈር አትዙሪ። በተለመደው ነጻ አካሄድ ኮሜርሻል 250 ሰዓት ይጠይቃል፤ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት የሚሄድ ትምህርት ቤት ሲሆን 190። ለኢንስትሩመንት ደግሞ አንቺ አዛዥ ሆነሽ 50 ሰዓት አገር አቋራጭ በረራ ያስፈልጋል። ስለዚህ በበረርሽ ቁጥር ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ ርቀሽ ሂጂና ሌላ ኤርፖርት ላይ እረፊ፣ ለሁለቱም ይቆጠርልሻል። በርካሽ የሚያከራይ የበረራ ክለብ ፈልጊ። ጓደኛ ያዢና ተራ በተራ አንዳችሁ ውጭ እንዳይታይ የሚከልል መጋረጃ ለብሳችሁ በመሣሪያ ብረሩ፣ ሌላኛው ውጭውን የሚያይ ጠባቂ ይሁን። በደንቡ መሠረት ከተሠራ ሁለታችሁም ሰዓት ትመዘግባላችሁ፣ ኪራዩም ለሁለት ይካፈላል። አገር አቋራጩ ግን የሚቆጠረው ለአብራሪው ብቻ ነው። ከኢንስትሩመንት ልምምዱም እስከ 20 ሰዓት በጸደቀ የተሻሻለ ሲሙሌተር መሥራት ይቻላል። ከአውሮፕላን በእጅጉ ይረክሳል።

ከኮሜርሻልና ከአስተማሪነት ላይሰንሱ በኋላ ወጪው ይቆማል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የደረሰውን የኮልጋን አየር መንገድ አደጋ ተከትሎ በወጣው ሕግ አየር መንገድ ለመግባት በመደበኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ያንን ሰዓት ከኪስ የሚከፍል የለም። አስተማሪ ሆነሽ፣ እየተከፈለሽ ነው የምትሞዪው። ክፍያው ትልቅ አይደለም። ግን የበረራ ሰዓት መዝገብሽ (ሎግቡኩ) በየሳምንቱ ይሞላል። ደግሞም በረራ በደንብ የገባኝ ሳስተምር ነው። ቅጥር በ2022 ደርቶ ነበር፣ በ2024 ደግሞ ቀዘቀዘ። ብድሩን አትውሰጂ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው ገበያው እስኪከፈት መጠበቅ ይችላል።

ስኮላርሺፕም አለ። ሰው ግን አያመለክትም። የአብራሪዎች ማኅበሩ ኤኦፒኤ፣ የሴቶቹ ማኅበራት ዊመን ኢን አቪዬሽንና ናይንቲ ናይንስ፣ እንዲሁም የጥቁር አቪዬሽን ባለሙያዎች ማኅበር ኦባፕ በየዓመቱ ይሰጣሉ። ሜዲካልሽና የጽሑፍ ፈተናሽ አልቆ ብታመለክቺ ሚዛን ይደፋልሻል። ከ16 እስከ 19 ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ኢኤኤ የተባለው የበረራ ወዳጆች ማኅበር የሚሰጠውን ሬይ ስኮላርሺፕ በአካባቢያችሁ ባለው ቅርንጫፉ (ቻፕተር) በኩል ጠይቁ።

ወደ አገር ቤቱ ጥያቄ ስመጣ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመረጣቸውን ሰልጣኞች በራሱ ወጪ ያሠለጥናል። በምላሹ ለዓመታት የማገልገል ውል ያስፈርማል። ከገንዘብ አንጻር የሚወዳደረው የለም። ማስታወቂያው ሲወጣ የዕድሜ፣ የቁመትና የትምህርት መስፈርቱን በጥንቃቄ አንብቢ። ግን ግሪን ካርድ ይዞ ያለ ሪኢንትሪ ፐርሚት (አስቀድሞ የሚወጣ የመመለሻ ፈቃድ) ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ መቆየት ካርዱን ሊያሳጣ ይችላል። ሥልጠናውና አገልግሎቱ አንድ ላይ ከዚያ በጣም ይረዝማሉ። ልብሽ አገር ቤት ከሆነ ግቢ፣ የሚያኮራ ቤት ነው። ወጪ ለመቆጠብ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።

ሜዲካልሽ እንደወጣ እዚሁ ጻፊልኝ። የጎበኘሻቸውን ትምህርት ቤቶች ዋጋ ላኪና አብረን እናስላው።