የጋዝ ምድጃው ጥገና እና ያልጻፉልኝ ቀን

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ተከራይተን እንኖራለን። የጋዝ ምድጃችን እሳቱ ቢጫ እየሆነ ድስት ሲያጠቁርብን ጠጋኝ ጠርተን አስፈታነው፤ ጎማውንም ቀየረልን። በሦስተኛው ቀን እሳት ተነስቶ የማዕድ ቤቱ ኮርኒስ ተቃጠለ። አንደኛ ክፍል ልትገባ ዩኒፎርም የገዛሁላት ልጄም ክንዷ ላይ ተቃጠለች። አሁን ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ ጠባሳው ግን አለ። ጠጋኙ በሽማግሌ ፊት ‹እክሳለሁ› ብሎ ለመድኃኒት ትንሽ ብር ሰጥቶን ነበር። አከራዬ ደግሞ ኮርኒሱን አሠሪ ትለኛለች። ከፋዩ ማን ነው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

የጠየቁኝ ነገር መልሱ አጭር ነው። በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 የሚለው ይህንኑ ነው። ጠጋኙ ጎማውን በወጉ ሳያስር ሄዶ ከሆነ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ የአሠሪው ነገርም መታየት አለበት። የአከራይዎ ጥያቄ በኪራይ ውሉ ይዳኛል፤ ውሉ በጽሑፍ ከሆነና ከተመዘገበ ይዘውት ይሂዱ። እስከዚያ «አሠራለሁ» ብለው ምንም ወረቀት አይፈርሙላት።

አሁን ወዳልነገሩኝ ልምጣ። ጥገናው በተሠራና እሳቱ በተነሳ መካከል ሁለት ቀን ሙሉ አለ። በእነዚያ ቀናት ጋዙ አልሸተታችሁም? ሽታው ወደ ጋዙ የሚጨመረው እኮ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ልጅ ደግሞ ወደ ወለሉ ትቀርባለች። ሸትቷችሁ ማብሰል ቀጥላችሁ ከሆነ ተከሳሹ ይህን ያነሳል፣ በቁጥር 2098 መሠረትም ካሣው ሊቀነስ ይችላል። ለጠበቃዎ አይደብቁ። ከጎረቤት አፍ ከሚሰማው ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል።

ከዚህ የባሰው ግን ቀኑን አለመጻፍዎ ነው። እኔ ያወቅሁት ከዩኒፎርሙ ነው። ልጅዎ አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል ከነበረ ወሩ ነሐሴ ወይም መስከረም መጀመሪያ ነበር። አሁን ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች፣ ሐምሌ ስለገባ፣ ሃያ ሁለት ወር ግድም አልፏል ማለት ነው። ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሣ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰበት በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል፤ ቁጥር 2143 ነው። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ 10 ዓመት አለው፤ ወንጀል ሆኖ በወንጀል ሕጉ የረዘመ ይርጋ ካለውም የረዘመው ይሠራል። እነዚህን ጠበቃዎ ይመርምራቸው እንጂ እርስዎ ተማምነውባቸው አይቀመጡ።

ደንበኞቼ በየጊዜው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው፦ «ሽማግሌ ይዘናል» ብሎ መቀመጥ። ሽማግሌ መያዝ መልካም ነው፣ እኔም እመክራለሁ። ሽማግሌ ስለተቀመጠ ግን ይርጋው አይቆምም። በእጄ ያለፈ አንድ ጉዳይ አለ፤ ተጎጂው ሁለት ዓመት ሙሉ «ከበዓሉ በኋላ» እየተባለ ቆየ። በዳዩ ፋሲካ ላይ ቤቱ ድረስ መጥቶ አብሮት በልቷል። ክስ ሲመሠረት ግን የመልሱ የመጀመሪያ አንቀጽ «ጥያቄው በይርጋ ታግዷል» የሚል ነበር። ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሳም፤ ተከሳሽ ካነሳው ግን የሽማግሌዎቹ ደግነት አያድንዎትም።

ይርጋውን አቋርጦ እንደ አዲስ የሚያስቆጥረው በቁጥር 1851 ላይ ያለው ነው፦ ክስ መመሥረት፣ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ። በጽሑፍ ካመነ ደግሞ በቁጥር 1852 መሠረት አዲስ የሚቆጠረው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በዚህ ሳምንት ተሰብስበው ጠጋኙን አንድ ገጽ ያስጽፉት፦ ቀኑ፣ ያደረሰው ጉዳት፣ የሚከፍለው ብር፣ ፊርማውና የምስክሮች ስም። ረቂቁን ሳይፈረም ጠበቃ ያንብበው፤ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ከገባበት ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። አልፈርምም ካለ ማመንታት የለም፣ ክሱ ይግባ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ወደ ዕረፍት ይገባልና «መስከረም ይጥባ» አይበሉ።

ለመድኃኒት የሰጠው ብር በእጅ ነው ወይስ በቴሌብር? በእጅ ከሆነ «አዝኜ ነው የሰጠሁት» ይላል። በቴሌብር ከሆነ መልእክቱ ስልክዎ ላይ አለ፤ ያትሙት። ቤትዎ ከከተማው ዳር ስለሆነ አድራሻው በአዲስ አበባ ሥር መሆኑንና ወደ ሸገር ከተማ አለመግባቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የተሳሳተ ፍርድ ቤት መሄድ የቀረችዎትን ጊዜ ይበላል። የልጅዎ ካሣ ከእርስዎ ወጪ የተለየ ነው፤ ስለ እሷ ሆነው ነው የሚከሱት።

ሌላው ማስረጃ ጎማውና ሬጉሌተሩ ናቸው። ከተቃጠለው ጋር ተጥለው ካልሆነ አይጠቡ፣ አይፈቱ፤ ማሰሪያው ጎማው ላይ ያለበትን ቦታ በቅርብ ፎቶ አንስተው በከረጢት ያስቀምጡ። ፖሊስ ወይም እሳት አደጋ መጥቶ ከነበረ የመዘገበውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ የልጅዎን የሐኪም ካርድ ከሁሉ በላይ ያድርጉት፤ ያልጻፉልኝ ቀን እሱ ላይ አለ።