ሁለት ሜትር የዘይት ቀለም ሥዕል ለሆቴል መሸጥ፦ ለሐዋሳዋ ጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

እህታችን፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሐዋሳ ውስጥ ሥራ እየፈለግሽ ነው፤ ጎን ለጎንም ትስያለሽ። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የዓሣ ሾርባ የምትሸጥ ሴትና ሁለት ዓሣ የሚያጸዱ ወጣቶችን የሚያሳይ፣ 150 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዘይት ቀለም ሥዕል ከሁለት ወር በፊት ጨርሰሻል። የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ለእንግዳ መቀበያው 25,000 ብር ሊከፍልበት ፈልጓል፤ በሁለት ሳምንት እንዲደርሰው፣ ቫርኒሽ እንዲቀባና ምስሉን በምግብ ዝርዝሩና በዓመቱ ካላንደር ላይ ማተም እንዲፈቀድለትም ጠይቋል። ለቁሳቁስ 11,000 ብር አውጥተሻል፣ 45 ቀን ሠርተሻል። ከዚህ በፊት 40 በ50 የሆኑ ሦስት ሥዕሎች እያንዳንዳቸውን በ4,500 ብር ሸጠሻል። «ልሽጠው ወይ? ሥዕልንስ መተዳደሪያዬ ላድርገው ወይ?» ብለሻል።

ለሆቴሉ ሽጪለት። ግን በ25,000 ብር አይሁን፣ በሁለት ሳምንትም አይሁን፣ የማተም መብቱንም ከሸራው ጋር ጠቅልለሽ አትስጪ። ሰው ሥዕልን ፊቱን አይቶ ይወደዋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ገዢ ግን ጀርባውንና ወረቀቱንም ያያል። አንቺ ጋ ገና ያልተስተካከሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከቀለሙ እንጀምር። የሴትየዋ ጥቁር ሻርፕ እስካሁን ጣት ላይ ይይዛል፣ ቡናማው መሬት ግን በጥቂት ቀን ደርቋል ብለሻል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ የተልባው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። እንደ አምበር ባሉ ቡናማ ቀለሞች ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ይህን ያፋጥነዋል። አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር ደግሞ ብዙ ዘይት የሚጠጣ ቀለም ስለሆነ ይዘገያል፤ አንቺም ሻርፑ እንዲያብረቀርቅ ተጨማሪ የተልባ ዘይት ጨምረሽ በወፍራሙ ቀብተሽዋል። አሁን ትልቁ ስሕተት «ይድረቅልኝ» ብሎ በተርፐንታይን የቀጠነ ቀለም እላዩ ላይ መደረብ ነው። የላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ከሥር ያለው ገና ይንቀሳቀሳል፣ ቆይቶም እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። «ከሥር የቀጠነ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት» የሚባለው ደንብ የመጣው ከዚሁ ነው። ፀሐይ ላይ ማውጣትም አይረዳም፤ ላዩ ቆዳ ያወጣና ይሸበሸባል፣ ውስጡ እንደ ረጠበ ይቀራል። አየር በሚዘዋወርበትና ብርሃን ባለው ክፍል አቁሚው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አታዙሪው፤ የተልባ ዘይት በጨለማ ሲደርቅ ወደ ቢጫነት ያደላል።

በመኝታ ክፍልሽ ስለምትሠሪ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብሽ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺው።

ቫርኒሹን በተመለከተ ሥራ አስኪያጁ ጥሩ አስቦ ነው የጠየቀው፣ ጊዜው ግን አልደረሰም። የመጨረሻ ቫርኒሽ የሚቀባው እንደ ቀለሙ ውፍረት ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ነው። መድረሱን የምታውቂው እንዲህ ነው፦ በጥቁሩ ላይ፣ ከጠርዝ በኩል፣ ወፍራም የሆነ ቦታ መርጠሽ በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚ፤ ምልክት ከቀረ ገና ነው። ምልክት ካልቀረ ነጭ ጥጥ በትንሽ ተርፐንታይን ነክረሽ እዚያው ላይ በስሱ አሽከርክሪ። ጥጡ ጥቁር ይዞ ከመጣ ቫርኒሹ ከቀለሙ ጋር ተዋህዶ ይቀራል፤ ወደፊት ቫርኒሹን ለማጽዳት የሚሞክር ሰው ቀለምሽንም አብሮ ያነሳዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ሻርፑ ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን አስረክቢ፣ ከዓመት በኋላም መጥተሽ በነፃ ቫርኒሽ እንደምትቀቢ በውሉ ላይ ጻፊ። ገዢው ይህን ሲያነብ ሥራሽን የምታውቂ መሆንሽን ይረዳል፤ አንቺም ከዓመት በኋላ ሆቴሉ የምትገቢበት ምክንያት ይኖርሻል።

የጀርባውን ፎቶ መላክሽ ጥሩ ነው፤ ብዙው ችግር እዚያ ይታያል። መወጠሪያው፣ ማለትም ሸራው የተወጠረበት እንጨት፣ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፣ ማዕዘኖቹ በኮላና በምስማር ተይዘዋል፣ መሐሉ ላይ ደጋፊ እንጨት የለም፤ ሸራውም ከታች በቀኝ በኩል ረግቧል። በዚህ መጠን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፤ የጥጥ ሸራ ደግሞ በክረምት ርጥበት አንድ ጊዜ ይላላል፣ በበጋ ይወጠራል፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴም ቀለሙ ይፈተናል። ወደ አናጢ ውሰጂውና ቢያንስ 5 በ4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በደንብ ከደረቀ እንጨት አዲስ መወጠሪያ አሠሪ። አንድ ደጋፊ በቁመት፣ አንድ በወርድ ይግባበት። ማዕዘኖቹ ኮላ አይነካቸው፤ ተሰካክተው በሽብልቅ የሚያዙ ይሁኑ፤ ሸራው ሲላላ ሽብልቆቹን በቀስታ መታ መታ እያደረጉ መወጠር የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው። ሸራው የሚያርፍበት የእንጨቱ የውስጥ ጠርዝ ወደ ኋላ ዘመም ተደርጎ ይላግ፤ አለበለዚያ ከጊዜ በኋላ የእንጨቱ መስመር በሥዕሉ ፊት ላይ ይወጣል። ሥዕሉን ከአሮጌው ነቅሎ ወደ አዲሱ የማዛወሩ ሥራ ጥቁሩ እስኪደርቅ ይጠብቅ። ሦስት ሰው ይያዘው፤ ከአራቱ ጎኖች መሐል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘን እየሄዳችሁ ስቴፕል ምቱ።

አሁን ወደ ዋጋው። ሠዓሊዎች በሁለት መንገድ ያሰላሉ፤ አንዱ ቁመትና ወርድን ደምሮ በአንድ ሳንቲ ሜትር ዋጋ ማባዛት፣ ሌላው በስፋት ማስላት ነው። ከትንንሾቹ ሥዕሎችሽ ብንነሳ 40 ሲደመር 50 ዘጠና ነው፤ 4,500 ብር ለ90 ሲካፈል በሳንቲ ሜትር 50 ብር ይመጣል። በዚህ ስሌት ትልቁ 350 ጊዜ 50፣ ማለትም 17,500 ብር ይሆናል። በስፋት ከሄድን ደግሞ ትንሹ 2,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በካሬ 2 ብር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ትልቁ 30,000 ካሬ ነውና 67,500 ብር ይደርሳል። የመጀመሪያው ትልቅ ሥዕልን ያረክሳል፣ ሁለተኛው ያስወድዳል። የዋጋሽን ወለል የሚነግርሽ ያወጣሽው ገንዘብና ጊዜ ነው። ለአንድ ቀን ሥራ 600 ብር ብትቆጥሪ 45 ቀን 27,000 ብር ነው፤ 11,000 ሲጨመር 38,000። ሆቴሉ ያቀረበው 25,000 ከዚህ በ13,000 ብር ያንሳል፤ ማለትም ግማሽ ያህሉን ቀን በነፃ ሠርተሻል ማለት ነው።

የእኔ አስተያየት 60,000 ብር ነው፤ በካሬ ሳንቲ ሜትር 2 ብር። መካከለኛ ሥዕሎችን በ2 ብር ከ10፣ ትንንሾቹን እስካሁን በሸጥሽበት በ2 ብር ከ25 ያዢ። መጠኑ ሲያድግ የካሬው ዋጋ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ሥርዓቱ አንድ ሆኖ ይቀጥላል፤ ነገ ሌላ ገዢ «ለእነሱ ስንት ሸጥሽላቸው?» ቢልሽ ሳታፍሪ ታስረጂዋለሽ። ይህ ዋጋ ጋለሪንም የሚያስብ ነው። ጋለሪዎች በተለምዶ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይወስዳሉ፤ 60,000 ላይ 40 በመቶ ሲነሳ ለአንቺ 36,000 ይቀርሻል፣ ከወለልሽ ብዙም አይርቅም። ከቤትሽ በርካሽ እየሸጥሽ ጋለሪ ውስጥ በውድ ብታስቀምጪ ግን ጋለሪው ሁለተኛ አይጠራሽም። ለሆቴሉ እስከ 10 በመቶ ቅናሽ ማድረግ ትችያለሽ፤ 54,000 ይሆናል። ከዚያ በታች አትውረጂ።

«በጀታችን 25,000 ብቻ ነው» ካሉሽስ? ያኔ ትልቁን አታርክሺው፤ ሌላ ሥዕል አቅርቢላቸው። 100 በ120 የሆነ አዲስ ሥራ 12,000 ካሬ ነው፣ በ2 ብር ከ10 ሲባዛ 25,200 ብር። ከበጀታቸው በ200 ብር ብቻ ይበልጣል፣ ዋጋሽም አይሰበርም። ትልቁ ግድግዳሽ ላይ ጥቂት ወራት ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም፤ ጥቁሩም እስከዚያ ይደርቃል።

የማተሙ ጉዳይ ለብቻው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብቱ የሠሪው ነው፤ ሸራውን መሸጥሽ ምስሉን እያባዙ የማተም መብት ሸጥሽ ማለት አይደለም። ካላንደሩን ከፈለጉ በውሉ ውስጥ ለብቻው አንቀጽ ይሁን፦ የት እንደሚታተም፣ ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ስንት ቅጂ እንደሆነ፣ ስምሽ ከሥሩ እንደሚጻፍና ለዚህ የሚከፈለውን ገንዘብ ይጥቀስ። ሾርባ ሻጯም ፊቷ የሚለይ ሰው ናት። ካላንደር ላይ ከመውጣቷ በፊት ሄደሽ አስፈቅጂያት፤ የገበያው ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሴት ስለ ገዛ ፊቷ ከሌላ ሰው ልትሰማ አይገባም።

ለሽያጭ የምታቀርቢው መግለጫ በአንድ ገጽ ያልቃል። እንዲህ ይነበብ፦ «ሾርባ ሻጯ፣ አሞራ ገደል። ዘይት ቀለም በጥጥ ሸራ ላይ። ቁመት 150፣ ወርድ 200፣ ጥልቀት 4 ሳንቲ ሜትር። ከታች በቀኝ የተፈረመ፣ ከጀርባ ርዕስና ዓመት የተጻፈበት። ፍሬም የለውም። ቫርኒሽ አልተቀባም። ዋጋ 60,000 ብር፤ ማጓጓዝና መስቀል አይጨምርም።» ቁመት ሁልጊዜ ከወርድ ይቀድማል፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ጽፎ ገዢው በአእምሮው የተለየ ቅርጽ ይስላል። ፎቶውን ጥላ ባለበት ቦታ አንሺው፣ ስልኩን ከሥዕሉ መሐል እኩል ከፍታ ላይ አድርጊ፣ ቀረብ ከማለት ራቅ ብለሽ በሁለት እጥፍ አጉዪ። በሰፊው ሌንስ ከቅርብ ከተነሳ ጠርዞቹ ይጎብጣሉ። ሙሉውን፣ ጎኑን፣ ጀርባውንና በሥዕሉ ላይ ያሉትን እጆች ቅርብ እይታ ላኪ፤ አንዱ ላይ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ያለዚያ ሁለት ሜትር መሆኑ አይታይም።

ክፍያው ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ግማሹ ሥዕሉ ሲሰቀል ይሁን። ድርጅት ስለሆኑ ደረሰኝ ይጠይቁሻል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን ከአሁኑ አውጪ። ስታጓጉዢው አየር የያዘ ፕላስቲክ ቀለሙ ላይ በቀጥታ አይረፍ፣ የአረፋዎቹ ክብ ምልክት ይቀራል። አይሱዙ ላይ በጠርዙ አቁመሽ እሰሪው፣ አግድም አታስተኚው። ግድግዳው ላይ በፊሸርና በብሎን በሁለት መስቀያ ይያዝ፤ ከጀርባ ማዕዘኖቹ ላይ ቡሽ ለጥፊ፣ አየር ይዘዋወር። በቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊትና ከኩሽና በር አጠገብ እንዳይሰቅሉት ንገሪያቸው።

ስለ መተዳደሪያው የምልሽ አጭር ነው። የአካውንቲንግ ሥራ ስታገኚ ያዢው፤ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ደግሞ ለሥዕል ብቻ ይሁን። በ12 ወር ውስጥ ከሥዕል የገባው፣ ቁሳቁሱ ተቀንሶ፣ የዓመት ደመወዝሽን ግማሽ ሲያክል እንደገና እንነጋገር። ለእያንዳንዱ ሥዕል ቁጥር፣ ወጪ፣ የሠራሽበትን ቀን፣ ገዢና ዋጋ የያዘ መዝገብ ክፈቺ፤ ይህ የተማርሽው ሙያ ስለሆነ ከብዙ ሠዓሊ ቀድመሻል። ርዕሰ ጉዳይሽ የሐዋሳ ገበያ መሆኑ «አያሻሽጥም» ብለሽ ሰግተሻል፤ ሠዓሊው ታደሰ መስፍን በከተማ ገበያ የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁሞ በትልልቅ ሸራ ሠርቶ በውጭ ጋለሪዎችም ቀርቦበታል። ሰዎችሽን አትለውጪ።

ለሥራ አስኪያጁ ዛሬ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሥዕሉን ስለወደዱት አመሰግናለሁ። ጥቁሩ ቀለም ገና ስላልጠነከረ አሁን ቫርኒሽ ቢቀባ ይበላሻል። ደርቆ፣ በአዲስ መወጠሪያ ላይ ሆኖ፣ ከሁለት ወር በኋላ ላስረክብዎ እችላለሁ፤ ቫርኒሹን ከዓመት በኋላ መጥቼ በነፃ እቀባለሁ። ዋጋው 60,000 ብር ነው። ለካላንደሩ የተለየ ስምምነት እናደርጋለን። መግለጫውንና የጀርባውን ፎቶ አያይዣለሁ።»