ካርዱ ይቅር፣ ፕሮሰሰሩን ይዩት

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ። ቀድሞ ለአኒሜሽን ያገለግል የነበረ፣ ኳድሮ ግራፊክስ ካርድ ያለው ወርክስቴሽን ገዝቻለሁ። ይህን ካርድ አሟጦ የሚጠቀም የሰርኪውት ሶፍትዌር የትኛው ነው?

መልስ፦ ለሲሙሌሽን፣ ማለትም ሰርኪውቱን ሳይሠሩት በኮምፒውተር ለመሞከር ብለው ከሆነ የካርዱ ዋጋ ብዙም አይመለስልዎትም። የዛሬዎቹ ሲሙሌተሮች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተወለደው፣ ስፓይስ ከተባለው ፕሮግራም የወረዱ ናቸው። ስፓይስ ጊዜን በጥቃቅኑ ከፋፍሎ በየእርምጃው የቮልቴጅና የከረንት እኩልታዎችን ይፈታል። ቀጣዩ እርምጃ የፊተኛው ውጤት ሳይታወቅ አይጀመርም። በካርዱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩት ኮሮች (ትናንሽ የስሌት ክፍሎች) ደግሞ ጎን ለጎን የሚከናወን ሥራ ካላገኙ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ገንዘብ ከተረፈዎት ፈጣን ፕሮሰሰርና ተጨማሪ ራም ላይ ያውሉት።

ሶፍትዌሩ ግን ችግር አይሆንብዎትም፤ ሁለቱም የምመክርዎ ነጻ ናቸው። ለፓወር ሰፕላይና ለአምፕሊፋየር ሙከራ የአናሎግ ዲቫይስስ ኤልቲስፓይስ፣ ከንድፍ እስከ ፒሲቢ (የታተመ የሰርኪውት ቦርድ) ለሚዘልቅ ሥራ ኪካድ። ኪካድ ኤንጂስፓይስ የተባለውን ሲሙሌተር በውስጡ ይዟል። ያ ኳድሮም ወጉ የሚደርሰው እዚሁ ነው፤ የነደፉትን ቦርድ በሦስት ገጽታ ሲያገላብጡት ሳይንገራገጭ ያሳይዎታል። የኪካድ መጫኛ ፋይል ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ መሀል ከተማ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደው በፍላሽ ይዘውት ቢመለሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነኝ። በኤልቲስፓይስ የባትሪ ቻርጀር ብሠራ 220 ቮልት አስገብቼ ውጤቱ አነሰብኝ። 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ሳስገባ ደግሞ ሾርት ያደረገ ይመስላል።

መልስ፦ ሁለቱም የአጻጻፍ ጉዳይ ናቸው። የሳይን ምንጩ የሚጠይቅዎት የሞገዱን ጣሪያ ነው፤ የመብራታችን 220 ቮልት ግን አርኤምኤስ፣ ማለትም ከጣሪያው ያነሰው ውጤታማ መጠን ነው። ስለዚህ 311 ይጻፉ፣ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ። በስፓይስ ደግሞ «ኤም» ትልቅም ይሁን ትንሽ ፊደል ሚሊ ማለት ነው። እርስዎ 1 ሜጋ ኦም ያሉት ሬዚስተር የኦም አንድ ሺህኛ ሆኖ ተነቧል፤ ሾርት ቢመስል ምን ይገርማል? በእንግሊዝኛ ፊደል «ሜግ» ብለው ይጻፉት። ይህች «ኤም» ስንቱን ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ እንዳስቀመጠች እግዜር ይወቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ኢግል በተባለው የሰርኪውት ቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ይቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥል። የሶፍትዌሩ ባለቤት አውቶዴስክ የኢግልን ድጋፍ ግንቦት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያቋርጥ አስቀድሞ አሳውቋል። የቆዩ ሥራዎቹን ኪካድ ይከፍትለታል።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ ነው የምጽፈው። በጨረታ ከወጣ የቢሮ ዕቃ መካከል የሲሊከን ግራፊክስ ማሽን አገኘሁ። ምን ልጫንበት?

መልስ፦ ያማረ ዕቃ አግኝተዋል፤ የሥራ መሣሪያ ግን አይደለም። ሚፕስ ፕሮሰሰርና አይሪክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ነው፤ ኩባንያው ይህን መስመር እ.ኤ.አ. በ2006 ዘግቶታል። ኪካድም ኤልቲስፓይስም አይጫኑበትም። የሲ ኮምፓይለር ካገኙለት ግን በሲ የተጻፈውን የበርክሌይ ስፓይስ 3 ከምንጭ ኮዱ ገንብተው ማስነሳት ይችሉ ይሆናል። ለደንበኛ ሥራ የሚያስቡ ከሆነ ኮዬ ፈጬ ላለው ጠያቂያችን የሰጠነው መልስ ይበቃዎታል።