ሪሌይዋ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሐሙስ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች አንዲት ትንሽ ካፌ ተቀምጬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የምውለው እዚያ ነው። ማኪያቶዬን ሳላዝዝ ጠቆር አድርገው ያመጡልኛል። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ከፍተው ይከራከራሉ። አንደኛው ዘወር አለና፣ «ጋሼ፣ ኢንጂነር ነዎት አይደል? አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ።

ፊልም እየጻፈ ነው። አንዲት መሐንዲስ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። ሮኬቱ ችግር እንዳለበት ታውቃለች፤ አለቆቿ ግን አይሰሟትም። ስለዚህ ሌሊት ገብታ አንድ ነገር ትቆርጣለች። ጠዋት ሮኬቱ አይነሳም። «ምኑን ብትቆርጠው ነው ሰው የሚያምነኝ?» ነው ጥያቄው።

«ለምን ትቆርጣለች? ትናገራ!» አልኩት።

«ተናግራለች እኮ ጋሼ። ማን ሰማት!»

ይህን ሲል ድምፁ ተቀየረ። ጓደኛው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ማኪያቶዬ ሳያልቅ እውነቱ ወጣ። ልጁ የሚሠራበት ድርጅት ሰኞ አንድ የክፍያ መተግበሪያ «ላውንች» ያደርጋል፤ ለሕዝብ ይለቃል ማለት ነው። እሱ ሲሞክረው፣ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ከአንድ ሰው ሒሳብ ሁለቴ ይቆርጣል። ለአለቃው ነግሮታል። አለቃው «ላውንች እናድርግና ቀስ ብለን እናየዋለን» አለው። ልጁም እሁድ ማታ ሲስተሙን ከውስጥ ሊያፈርሰው ቆርጧል።

ያኔ ደህና መልስ አልሰጠሁትም። «ተው ልጄ» ብቻ አልኩት። «ተው» ደግሞ መልስ አይደለም። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ፤ ለእሱም፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንደ እሱ አንጀታቸው እያረረ ለሚያድሩትም።

እሱ በሮኬት ስለጀመረ እኔም በሮኬት ልጀምር።

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1986 መሆኑ ነው፣ ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ተነስታ በ73ኛው ሰከንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባት ሰዎች ሞቱ። አንዷ አስተማሪ ነበረች። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ እንደሚመጣ ቀድመው የፈሩ ሰዎች እዚያው ውስጥ እንደነበሩ ነው።

በመንኮራኩሯ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሁለት ትልልቅ ማስነሻ ሮኬቶች በክፍል በክፍል የሚገጣጠሙ ናቸው። እሳቱ በመጋጠሚያው በኩል እንዳያፈተልክ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ውፍረቱ ከእርሳስ አይበልጥም፤ ዙሪያው ግን ከ11 ሜትር በላይ ነው። ጎማ ደግሞ ሲበርደው ይደርቃል። ሮኬቶቹን በሠራው ኩባንያ በሞርተን ታይኮል መሐንዲስ የነበረው ሮጀር ቦዦሌ አደጋው ሊደርስ ስድስት ወር ሲቀረው ይህንን ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። ባልደረባው ቦብ ኤበሊንግም መስከረም 1978 ላይ የጻፈው ማስታወሻ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ «ድረሱልን!»

በዋዜማው ማታ በስልክ ስብሰባ ተደረገ። መሐንዲሶቹ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይነሳ አሉ። የማግስቱ ጠዋት ከዚያ በጣም የሚቀዘቅዝ ነበር። የናሳ ሰዎች አልተዋጠላቸውም። የኩባንያው አለቆች ስልኩን ለጊዜው ዘግተው ለብቻቸው ተመካከሩ። አንዱ ትልቅ አለቃ የምሕንድስና ኃላፊውን «የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣህን አድርግ» አለው። ሰውዬው አደረገ። ፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ ግን የማስነሻ ፈቃዱ ላይ አልፈርምም አለ። ሌላ አለቃ ፈረመና በፋክስ ላከው።

«ይኸው! ተናገሩ፣ ጻፉ፣ አልፈርምም አሉ፤ ሰዎቹ ሞቱ» ትለኛለህ። ልክ ነህ። ይህንን አልሸፋፍንም። ኤበሊንግ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ እግዜር ለዚያ ሥራ እኔን መምረጡ ስህተት ነው እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር። «ያን ሌሊት አንዱ ሾልኮ ገብቶ ሽቦ ቢቆርጥስ?» ብዬ እኔም አስቤ አውቃለሁ።

ግን አንድ ነገር እዩልኝ። አደጋው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማንም ምንም ሳይቆርጥ፣ መንኮራኩሯ በራሷ ጊዜ ተበላሽታ ቀርታለች። የበሩ መያዣ አልፈታ አለ። መሰርሰሪያ ቢያመጡ ባትሪው አልሠራ አለ። ሲታገሉ ንፋሱ በረታና ማስነሳቱ ተሰረዘ። ማለትም የፊልምህ ሴትዮ ልታመጣው የምትፈልገው ብልሽት በነፃ መጣ። ምን ጠቀመ? ስለ ቀለበቱ አንድ ቃል አልተናገረም። ይልቅ ሰዎቹን «ዛሬስ የግድ» አሰኛቸው።

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው።

ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ሊመረቅ ነው። የኤሌክትሪኩንና የሊፍቱን ሥራ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ሊፍት በየፎቁ የበር መቆለፊያ አለው። ሊፍቱ እዚያ ካልደረሰ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተዘጋም ሊፍቱ አይንቀሳቀስም። የአራተኛው ፎቅ መቆለፊያ ምላሱ አልይዝ አለ። ሠራተኞቹ መለዋወጫ እስኪመጣ ብለው መቆለፊያውን ዘልለው በሽቦ ዳይሬክት አደረጉት። የጣት እርዝመት ያላት ቀይ ሽቦ ነች። ሊፍቱን «በሩ ተዘግቷል» እያለች ትዋሸዋለች።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። በቃል፣ ደረጃ ላይ፣ እሱ እየተቻኮለ ሲወርድ። «ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ፤ ሰኞ ታስተካክላለህ» አለና አለፈ። ደሜ ፈላ። ዓርብ ማታ ዘበኛውን «መብራት ልይ» ብዬ ጣሪያው ላይ ወዳለው የሞተር ክፍል ወጣሁ። ከፓኔሉ አንዲት ሪሌይ ነቀልኩ፤ በኤሌክትሪክ ራሷ የምትከፍትና የምትዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነች። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ኪሴ ከተትኳት። ደረጃውን ስወርድ ከእኔ በላይ ጀግና አልነበረም።

ቅዳሜ ሊፍቱ አልነሳም። ባለ ሙሉ ልብሶቹ እንግዶች እያለከለኩ በእግራቸው ወጡ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ሌላ ቴክኒሻን ከመርካቶ ሪሌይ ገዝቶ መጣ። ሰካት። ሊፍቱ ተነሳ። ቀይዋ ሽቦ እዚያው አራተኛ ፎቅ ነች። ማንም አላያትም። ሁሉም የሚፈልገው ሌባ ነበር፤ ሌባውም ተገኘ። የሞተር ክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ተረኛ ኤሌክትሪሺያን፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሰኞ ተባረረ። እኔ እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዘበኛው ማታ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ሳበው፤ ተከፈተለት። ሊፍቱ ምድር ቤት ነው። ጨለማ ውስጥ አንድ እግሩን አስገባ። የበሩን ጠርዝ ይዞ ተረፈ። ጠዋት ጉድጓዱ ሥር ወርጄ ጫማውን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ማሰሪያው ተበጥሷል። «እግዜር ይስጥልኝ ኢንጂነር» አለኝ።

ያን ቀን ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። የትኛው ፎቅ፣ የትኛው በር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሊያደርስ እንደሚችል። በካርቦን ሦስት ቅጂ። ከታች «ግልባጭ» ብዬ የሕንፃውን ባለቤት ጨመርኩ። መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተሰጠው፤ ማህተም አረፈበት። ሽቦዋ በማግስቱ ተነሳች። እኔም በወሩ ወደ መጋዘን ተዛወርኩና ቡሎን ቆጣሪ ሆንኩ። ቅያሜ የሌለው ማህተም የለም፤ ይህንንም ቀድማችሁ እወቁት።

ደብዳቤው ላይ ስለ ሪሌይዋ አልጻፍኩም።

ማክዶናልድንም ዝቅ አድርገውት ነበር። የአደጋው መርማሪዎች በዝግ ሲሰበሰቡ ከኋላ ወንበር ተነስቶ «እኛ አይነሳ ብለን ነበር» አለ። ኩባንያው ከቦታው አነሳው። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሲቆጡ ተመለሰ፤ የመጋጠሚያውን አዲስ አሠራርም የመራው እሱ ነው። መንኮራኩሮቹ በመስከረም 1981 እንደገና በረሩ። ሰባቱ አልተመለሱም። ግን የቀለበቱ ነገር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ስለነበር ሊካድ አልቻለም። ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን የቀለበቱን ጎማ በረዶ ውኃ ውስጥ ነክሮ በካሜራ ፊት ያሳየውን ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ነው።

«ከውስጥ ማበላሸት ሁልጊዜ ነውር ነው?» ብትሉኝ ግን አይደለም እላለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቪ-2 የተባለውን ሮኬት ኖርድሃውዘን አጠገብ ዋሻ ውስጥ በእስረኞች ያሠሩ ነበር። ዶራ በሚባለው ካምፕና በቅርንጫፎቹ 60,000 ያህል ሰው አልፏል፤ 20,000 ያህሉ ሞቷል። ሮኬቱ የሚሄደው ለንደንና አንትወርፕ ሰው ቤት ላይ ነው። እስረኞቹ ብየዳ ያላሉ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ይሸኑ ነበር። የተያዘ፣ የተጠረጠረም፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ ከክሬን ላይ ይሰቀል ነበር። እነዚያን ሰዎች «ለምን በደብዳቤ አላሳወቃችሁም?» የሚል ሞኝ የለም። አፋቸው ተሰፍቷል፤ የቀራቸው እጃቸው ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ያንተ አፍ ተሰፍቷል? «ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ» አልከኝ። እንዴት ብዬ ስጠይቅህ፣ «በቴሌግራም» አልክ። አንድ መልእክት። እኔ ደረጃ ላይ እንደነገርኩት መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ሮኬት ራሱ ውስጡ ማጥፊያ ፈንጂ ይገጠምለታል፤ ከመስመር ወጥቶ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። ቻሌንጀር ከተበታተነች በኋላ ሁለቱ ማስነሻ ሮኬቶች ለብቻቸው ይበሩ ነበር። የደኅንነት መኮንኑ ቁልፉን ተጭኖ አፈነዳቸው። ይህም ከውስጥ ማፍረስ ነው እኮ! ግን ሰውየው ወንበር አለው፣ ስም አለው፣ ለምን እንደተጫነ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ከቻይና ታይዩዋን ስትነሳ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ቤተሰቡ ሲያጨበጭብ እኔ የማስበው ስለዚያ ወንበር ነበር። ምን ላድርግ፣ የሙያ በሽታ ነው።

እና ፊልምህን እንዲህ ቀይረው። ሴትዮዋ ሽቦ አትቁረጥ። «አልፈርምም፤ ምክንያቴም ይኸው» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥ። ለካሜራ አይስብ ይሆናል። እኔን ግን ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የምትደበቅበት የላትም።

ያንተም ሥራ እንዲሁ ነው። እሁድ ማታ ብታፈርሰው ሰኞ ከመጠባበቂያው ቅጂ ይመልሱታል። ሁለቴ የሚቆርጠው ስህተት አብሮ ይመለሳል። ፍለጋው ደግሞ ማን ማታ ገባ የሚል ይሆናል። ምናልባት አንተን ያገኙሃል። ምናልባት አጠገብህ የሚቀመጠውን፣ ያን ቀን የይለፍ ቃሉን ሳይዘጋ የሄደውን። እኔ የምፈራልህ ሁለተኛውን ነው።

ያ የተባረረው ኤሌክትሪሺያን ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበረው። አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር መዛወሩን ሰማሁ። ከዓመታት በፊት አምፖል ልገዛ ገብቼ አገኘሁት። አወቀኝ። ከመቀመጫው ተነስቶ «ጋሼ!» ብሎ ሳመኝ፤ ሒሳብም አልቀበልም አለ። ታግዬ ከፍዬ ወጣሁ። ያኔም አልነገርኩትም።

ይህንን የምጽፈው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ነገ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያችው ካፌ፣ መስኮቱ አጠገብ ነኝ። ስህተቱ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ የተቆረጠውን ብር፣ በስንት ሙከራ ስንቴ እንደደገመ ይዘህ ና። ለአለቃህ፣ ግልባጭ ለአለቃው አለቃ፣ ግልባጭ ለሒሳብ ክፍል። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቁጭ ብለን አብረን እንጽፈዋለን። እኔም ስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ፤ ሪሌይዋንም። ለዚያ ሰው የምጽፈው የራሴ ግማሽ ገጽ አለኝ፤ ሱቁ የት እንደተዛወረም ዛሬ ከሰዓት ወጥቼ አጠያይቃለሁ።