መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ጥገና ስጀምር እጄ ከጆሮዬ ይቀድም ነበር። አንድ አሮጌ ትራክተር ግማሽ ሰዓት ያህል አርሶ ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳና እንደገና ያንኑ ያህል ሠርቶ ይጠፋል። የናፍጣ ፊልትሮ ለወጥኩ፣ አየር አስወጣሁ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የናፍጣ ፓምፑን ፈትቼ ለምርመራ ላክሁት። ትራክተሩ ሁለት ሳምንት ቆመ፣ የባለቤቱም ገንዘብ ፈሰሰ። ፓምፑ ተመልሶ ተገጠመ። ትራክተሩ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ።

ያኔ ሾፌሩ፣ "የታንከሩን ክዳን ስከፍተው እኮ ሁሌ ፍሽሽ ይላል" አለኝ። ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። መርፌ ብቻ የምታሾልክ መተንፈሻ ቀዳዳ ነበረችው፤ አቧራና ናፍጣ ተላቁጠው ደፍነዋታል። ናፍጣው ሲቀንስ በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይስበዋል። በቀጭን ሽቦ ወጋኋት፣ አለቀ። ለምን አስቀድሞ እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ "መቼ ጠየቅኸኝ?" አለ።

ከዚያ ወዲህ መፍቻ የማነሳው ሾፌሩን ካናገርኩ በኋላ ነው። መቼ ጀመረው? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? በመጨረሻ ማን ምኑን ነካው? ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ትናንት ፊልትሮ የተለወጠለት ትራክተር ዛሬ አልነሳ ካለ ፓምፑን አትሙት፤ አየር ገብቶበት ይሆናል። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን አላልታችሁ ናፍጣ ከታንከሩ የሚስበውን የማቀበያ ፓምፕ የእጅ ምላስ እየመታችሁ አረፋው እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ናፍጣው እየፈሰሰ ሳለም አጥብቁት። ምላሷ እጃችሁ ላይ ልፍስፍስ ካለች ተበላሽታለች ብላችሁ አትፍቱ። የሚገፋት ካም (ከሞተሩ ጋር የሚዞር እብጠት ያለው ዘንግ) እብጠቱ ሽቅብ ላይ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ጥቂት አዙራችሁ እንደገና ሞክሩ። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ስንቷን ደህና ፓምፕ አውርጃለሁ!

ዘይት ሲቀንስ ሁሉም ይደነግጣል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሲጨምር ነው። የመለኪያውን ዘንግ አውጡና አሽትቱት፤ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ በማቀበያ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ተቀዳ ናፍጣ ወደ ሞተሩ ዘይት እያወረደች ሊሆን ይችላል። ወተት መስሎ ከነጣ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። በሁለቱም ጊዜ አታስነሱት፤ የቀጠነ ዘይት ብሮንዙን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ያስበላል።

ጭሱ ያን ያህል አያስቸግርም፦ ጥቁሩ የአየር እጥረት ወይም የናፍጣ ብዛት፣ ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይት ነው። ነጩ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልለቀቀው ውሃም ሊሆን ይችላል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጭጭ ካለ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ከሻሲው ጋር የሚገናኘውን ወፍራም ገመድ ፈትታችሁ ዝገቱንና ቀለሙን ፍቁት።

አንድ ነገር ግን በቁጣ ነው የምጽፈው። የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት እንደ ብልጠት ሲወራ እሰማለሁ። መሬት ላይ ቆማችሁ ይህን ስታደርጉ ማርሽ ገብቶ ከነበረ የኋላው ጎማ በላያችሁ ይሄዳል፤ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ናፍጣ ወደ ሞተሩ ወደሚረጨው ኢንጀክተር የሚሄደው ቧንቧ ማንጠባጠቡንም በጣት አትፈትሹ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ናፍጣ ወደ ሥጋ ይከታል። ካርቶን አስጠጉበት። ከኋላ ያለው ኃይል ሰጪ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ ዘጠኝ ዙር ማለት ነው። የነጠላችሁን ጫፍ ከያዘ ቀድማችሁ አትስቡትም።

ፊልትሮ ወይም ዘይት ስትለውጡ ቀኑንና የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጻፉት፤ ወረቀት ይጠፋል። ቆጣሪው ከሞተ ሰንብቶ እንደሆነም መጀመሪያ እሱን ሥሩት።