ሳይቆርጥ የተቀመጠ ቢላ

ውድ ጠያቂያችን፣ ካሉዎት ሃያ ያህል ቢላዎች መካከል የቆረጡባቸው ሦስቱን ብቻ እንደሆነ ገልጸው፣ ሰሞኑን የገዙትን ባለ ቆዳ ሰገባ የካርቦን ብረት ቢላ ይጠቀሙበት ወይስ እንዳለ ያስቀምጡት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ስሰበስብም ስጠቀምም ቆይቻለሁ፤ መልሴም ይጠቀሙበት የሚል ነው።

ብዙዎቻችን ያልተነካ ቢላ አይጎዳም ብለን እናምናለን። እኔም ይህንኑ አምኜ፣ የእርስዎን የሚመስል አንድ ቢላ ዘይት ቀብቼ ከነሰገባው ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመዘው ያዝ አደረገኝ፤ ሰገባው በተሰፋበት መስመር ልክ ቡናማ ዝገት አብቅሎ ነበር። ብጠርገው ቀለሙ ለቀቀ፤ በጥፍር የሚዳሰሱት ጥቃቅን ጉድጓዶች ግን እስከ ዛሬ አሉ። ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ ሲለፋ የገቡበት አሲድና ጨውም ውስጡ ይቀራሉ። 1095 የሚባለው የተለመደ የቢላ ብረት 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን ሲኖረው ክሮሚየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ብረት የማይዝግ ለመባል ግን ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያስፈልገዋል። በዚያው ጊዜ ገመድና ካርቶን ስቆርጥበት የከረምሁት ሌላው የካርቦን ቢላዬ፣ ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ ስለሚጠረግ አንድም ጉድጓድ የለበትም፤ ፊቱ ብቻ ወደ ግራጫ ተለውጧል። ይህ ግራጫ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን በመሆኑ ቀዩን ዝገት በመጠኑ ያዘገየዋል። (እኔ ከመስታወት ብልጭታ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ግን አይስማሙም።)

ከዚህም ሌላ፣ ያልቆረጡበትን ቢላ አያውቁትም። ጓደኞቼ ሁሉ የሚያደንቁት፣ ጥንካሬው በሮክዌል (በብረት ጥንካሬ መለኪያ) 62 የሆነ አንድ ቢላ ነበረኝ፤ አንድ ሰዓት ካርቶን ብቆርጥበት የእጀታው ማዕዘን መዳፌን አቁስሎ፣ እኔ ሳደንቀው የኖርሁት እጀታ ለእጅ ያልተሠራ መሆኑን አሳየኝ። ያ ጥንካሬ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ቢያቆየውም፣ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ከመታጠፍ ይልቅ እንዲሸረፍ የሚያደርገውም እርሱ ነው።

የሚፈሩት መሳሉን ከሆነ፣ የስለቱን ጠርዝ በማርከር ያቅልሙና የሻካራነት ቁጥሩ 1000 በሆነ መሳያ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሳቡት። ቀለሙ ከሚቆርጠው ጠርዝ ጫፍ ብቻ ከተነሣ የቢላውን ጀርባ ከልክ በላይ ከፍ አድርገዋል፤ ወደ ጀርባው ካለው ወገን ብቻ ከተነሣ ደግሞ አሳንሰዋል። የቢላው ወርድ ከስለቱ እስከ ጀርባው 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንሣት 20 ዲግሪ ይሰጥዎታል። በተቃራኒው ጎን አውራ ጣትን የሚያሻክር ቀጭን ትርፍ ብረት ከዳር እስከ ዳር እስኪወጣ ድረስ ጎኑን አይለውጡ፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉ ስሳሳት የኖርሁት እዚህ ላይ ነበር።

ከዚህ ምክር የማወጣቸው፣ ሠሪያቸው በሕይወት የሌለና ሌላ አምሳያ የማይገኝላቸው ቢላዎች ናቸው። እነዚህን መሳል ቀርቶ መወልወል እንኳ በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋቸውን ይቀንሳል። የእርስዎ ቢላ ግን ዛሬም እየተመረተ የሚሸጥ ነው፤ ቢሸረፍ ይሳላል፣ ቢጠፋ ይተካል። የሚያስቀምጧቸውን ሌሎቹን በስሱ ዘይት ቀብተው፣ ሰገባቸውን ለብቻ፣ ቢላዎቹን ለብቻ ያኑሩ፤ አዲሱንም ቢሆን ለመጠቀም እስኪወስኑ ድረስ ሰገባው ውስጥ አያሳድሩት።