ስንዴዎን ያጠቃው ዋግ አይደለም፤ ውሃ ነው

ከሞረትና ጅሩ የጻፉልን አርሶ አደር ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ የዘሩት ስንዴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከታች ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ዋግ (ቅጠልና ግንድ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) ነው ተብለው የገዙትን መድኃኒት ሁለቴ ቢረጩም ለውጥ የለም፤ ጎን ያለው ገብስ ጭራሽ ብሷል። «ለከርሞ ዝርያ ልቀይር?» ይላሉ።

ገብሱ መባሱ ነው ውሃ ያስጠረጠረኝ። የስንዴ ቢጫ ዋግ አብዛኛውን ጊዜ ገብስ አይነካም፤ የተኛ ውሃ ግን ከስንዴ ይልቅ ገብስን ይጎዳል። ቅጠሉን በነጭ ጨርቅ ይሹት፤ ዋግ ከሆነ ቢጫ ዱቄት ይለቃል። ካልለቀቀ አንድ እግር ስንዴ ከነአፈሩ ይንቀሉ። ሥሩ ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ዋልካ በበጋ የሚሰነጠቀው ሸክላው ስለሚኮማተር ነው። ክረምት ሲገባ ያው ሸክላ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል፤ አየር የነበረበትን ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ይይዘዋል። ሥር እንደ እኛው ይተነፍሳል፤ ሲታፈን ምግብ መሳብ ያቆማል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም አየር ሲያጡ የማዳበሪያውን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ቀይረው ያስወጡታል። ተክሉ ያኔ ከአሮጌው ቅጠል ናይትሮጅን ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ከታች የሚጀምረው ቢጫነት ይኸው ነው። ውሃ ላይ ዩሪያ መበተን ገንዘብ መበተን የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ፈሰሱን (የውሃ ማስወጫ ቦዩን) ይክፈቱ። ባለፈው ያወጡት ፈሰስ ማሳው መሃል ላይ ይቆማል ብለዋል፤ መውጫ የሌለው ፈሰስ ኩሬ ነው፣ የሠራልዎት ሰው ልፋትዎን ነው ያባከነው። በዝቅተኛው ጥግ በኩል እስከ ዳር ያውጡት። ነገር ግን ማሳው ስለተረጨ ውሃው ወደ ከብት መጠጫ እንዳይወርድ። ውሃው ከለቀቀ ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 12 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይበትኑ።

ሦስተኛ ርጭት አይሞክሩ። መለያ በሌለው ጠርሙስ የሚቸረቸር መድኃኒት ደግሞ በነፃም አይወሰድ። ከተረጨው ማሳ የታረመ ሣር ለከብት አይሰጥም፤ ደጋግሜ እላለሁ፣ አይሰጥም።

ዝርያ የሚቀየረው ለዋግ ነው። ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ፣ ዲገሉ የተባለውን በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ እንደመቱት ያስታውሱና ዘር ሲገዙ ዘንድሮ ዋግን የሚቋቋመው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የተኛ ውሃን ግን ዝርያ አይፈታውም። ለከርሞ በቢቢኤም (በበሬ በሚጎተት መደብ ማውጫ) ወይም በእጅ 80 ሳንቲሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲሜትር ቦይ አድርገው ይዝሩ። ገብሱን ወደ ተዳፋቱ ያውጡት። ከበላይዎ ያለው ጎረቤት ውሃውን በእርስዎ ማሳ የሚለቅ ከሆነ ግን መደቡም አያድንዎትም፤ መውጫውን መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ በግንቦት ተነጋገሩበት።